«ሕዝብ» የሚለው ቃል፤ በደቡብ አውሮፓ ስለ ፖፑሊዝም የተደረገው ጥናትና የሥነ ጽሑፍ ኂስ ድርሻ

ይህ ጽሑፍ በደቡብ አውሮፓ፣ በተለይም በጣሊያን፣ በግሪክና በስፔን፣ ስለ ፖፑሊዝም የተካሄደውን ጥናት ታሪክ ይመለከታል። ርእሱ የፖለቲካ ሳይንስ ነውና በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ምን አመጣው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከታሪኩ ከራሱ ይገኛል። በዚህ አካባቢ ስለ ፖፑሊዝም ከተጻፉት ዐበይት መጻሕፍት መካከል ቀደምት ከሚባሉት አንዱ የአንድ የሥነ ጽሑፍ ሃያሲ ሥራ ነው። ጥናቱ ከዚያ በኋላ ብዙ ዞሯል፤ የመራጩን ገቢ፣ የፓርቲውን መዋቅር፣ የመሪውን ጠባይ መርምሯል። ዞሮ ዞሮ ያረፈው ግን ቃል፣ ዘይቤና አነጋገር ላይ ነው። ይህም ማለት እኛ በክፍል ውስጥ የምናስተምረው የንባብ ሙያ፣ ሌሎች «የፖለቲካ ትንተና» ብለው በሚጠሩት ሥራ ውስጥ ማዕከላዊ ቦታ አለው ማለት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የስያሜው ጣጣ

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ የትርጉም ችግር አለ። «ፖፑሊዝም»ን በአማርኛ ምን እንበለው? «ሕዝባዊነት» ብንለው ቃሉ አስቀድሞ ነጻ ወጣ ማለት ነው። ከ1974ቱ አብዮት ወዲህ «ሕዝባዊ» የሚለው ቅጽል በፖለቲካ ቋንቋችን የምስጋና ቃል ሆኖ ኖሯል። ሠራዊቱ ሕዝባዊ፣ ድርጅቱ ሕዝባዊ፣ በ1987 የታወጀው ሪፐብሊክ ራሱ በስሙ ውስጥ «ሕዝባዊ» የሚል ነበረበት። በሌላ በኩል «ሕዝበኝነት» ብንለው ቃሉ አስቀድሞ ተፈረደበት። አርበኝነትን የመሰለ የክብር ቃል መኖሩ ሳይዘነጋ፣ በፖለቲካ አነጋገራችን ግን እንደ ዘረኝነት፣ እንደ ጎሰኝነት ያሉት ቃላት ለዚህ ቅጥያ የነቀፋ ጠረን አውርሰውታል። እንግዲህ ተርጓሚው አንዱን ቅጥያ በመምረጡ ብቻ ገና ሐተታውን ሳይጀምር ፍርድ ሰጥቷል። በዚህ ጽሑፍ «ፖፑሊዝም»ን እንዳለ የምወስደው ስለዚህ ነው፤ ቃሉ ለጆሮ እንግዳ መሆኑ አሁን ለምንፈልገው ነገር ይጠቅማል።

ልብ ማለት የሚገባው ጣጣው የእኛ ብቻ አለመሆኑን ነው። ግሪኮች ሕዝብን «ላኦስ» ይሉታል። ከዚህ የወጣው «ላይኮስ» የሚለው ቅጽል የሕዝብ የሆነ፣ ለሕዝብ የቀረበ ማለት ሲሆን የሚወደድ ቃል ነው፤ «ላይኪስሞስ» ሲባል ግን ስድብ ይሆናል። የግሪኩ ላኦስ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የግእዝ መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክኛ ሲተረጎም ላኦስ በአብዛኛው «ሕዝብ»፣ ኤትኔ ደግሞ «አሕዛብ» ተብሏል። በአንድ ሥር ላይ፣ ነጠላው የተመረጠው ወገን፣ ብዙው ከምርጫው ውጭ የቀረው ሆነ። «ሕዝብ» የሚለው ቃል ከጥንቱ ማን ውስጥ ነው ማን ውጭ ነው የሚል ጥያቄ አዝሎ የሚሄድ ቃል ነው። በስፔንኛ ደግሞ «ፑዌብሎ» ሕዝብም መንደርም ነው፤ ተናጋሪው ሕዝብ ሲል ሰሚው የትውልድ መንደሩን ሊያስብ ይችላል። የጣሊያኑን «ፖፖሎ» ታሪክ እንኳ ብቻውን ቢያዩት አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል።

የ1965ቱ መጽሐፍ

በ1965 በሮማ አንድ መጽሐፍ ታተመ። ርእሱ «ጸሐፍትና ሕዝብ» የሚል ሲሆን፣ ንኡስ ርእሱ በዘመናዊው የጣሊያን ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስላለው ፖፑሊዝም መሆኑን ይናገራል። ደራሲው አልቤርቶ አሶር ሮዛ በ1933 የተወለደ፣ ያን ጊዜ የሠላሳ ሁለት ዓመት ወጣት ሃያሲ ነበር። ከኮሚኒስት ፓርቲው በስተግራ ከቆመው የሠራተኛ ንቅናቄ ምሁራን ወገን ነው።

የመጽሐፉን ክርክር ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን ማወቅ ያሻል። አንቶኒዮ ግራምሺ በ1926 በፋሺስቶች ከታሰረ በኋላ ከ1929 እስከ 1935 ድረስ በእስር ቤት ደብተሮችን ጽፎ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ከ1948 እስከ 1951 በየርእሱ ተከፋፍለው ሲታተሙ አንደኛው ጥራዝ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ብሔራዊ ሕይወት ነበር። ግራምሺ በዚያ ያነሣው ጥያቄ ለማንኛውም የሥነ ጽሑፍ መምህር ቅርብ ነው። የጣሊያን አንባቢ ለምን የፈረንሳይን ልቦለድ ያነባል? የጣሊያን ጋዜጦች አንባቢ ለመሳብ ሲሉ ለምን የዱማን ሥራ በተከታታይ ያትማሉ? መልሱ፣ የጣሊያን ምሁር ከሕዝቡ ተለይቶ የኖረ በመሆኑ ነው የሚል ነው። በሌሎች ቋንቋዎች «ብሔራዊ» እና «ሕዝባዊ» የሚሉት ቃላት ተቀራራቢ ሲሆኑ በጣሊያን ግን ተራርቀዋል አለ። እንግዲህ «ብሔራዊ-ሕዝባዊ» ሥነ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ከ1945 በኋላ የጣሊያን ግራ ክንፍ ደራስያንና ሃያስያን ይህን ሐሳብ እንደ መመሪያ ያዙት። ገበሬውን፣ ዓሣ አጥማጁን፣ የሮማ ዳርቻ ሥራ አጥ ወጣትን የልቦለድና የፊልም ባለታሪክ አደረጉት።

አሶር ሮዛ የተነሣው በዚህ ላይ ነው። በእሱ አባባል ሕዝብን መሳል ብቻውን ፖፑሊዝም አይደለም። ፖፑሊዝም የሚሆነው ሕዝቡ እንደ አርአያ፣ እንደ ንጹሕ የመልካም ነገር ምንጭ ሆኖ ሲቀርብ ነው። ደራሲው ሕዝቡን ያመሰግነዋል፤ በማመስገኑም ካለበት እንዳይንቀሳቀስ ያደርገዋል። የሮማ ዳርቻ ወጣቶችን በራሳቸው አነጋገር በ1955ና በ1959 ልቦለዶቹ የሳለው ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ፣ እንዲሁም በ1960 ትልቁን የስትሬጋ ሽልማት ያገኘው ካርሎ ካሶላ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ሰፊ ትችት ደርሶባቸዋል። ፓዞሊኒ የሚወደው ድህነት፣ አሶር ሮዛ እንደሚለው፣ የመካከለኛው መደብ ምሁር ለራሱ የሚፈልገው ንጽሕና መስተዋት ነው። ግራምሺም ራሱ ከትችቱ አልተረፈም። በጊዜው በግራው ሰፈር ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር፤ የሚጠበቀውንም ቁጣ አስነሥቷል።

በእኔ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ የላቀው ክፍል ስለ ጆቫኒ ቬርጋ የሚለው ነው። ቬርጋ በ1881 ያሳተመው ልቦለድ በሲሲሊ አቺ ትሬዛ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ስለሚኖር የዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ የሚተርክ ነው። ደራሲው በፖለቲካ አቋሙ ወግ አጥባቂ ነበር፤ ከሕዝቡ የሚጠብቀው ተስፋም አልነበረውም። አሶር ሮዛ ግን በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ጣሊያን ከታየው የሕዝብ ሥዕል ሁሉ አሳማኙ የቬርጋ ነው ይላል፤ እንዲያውም ምክንያቱ ያን ተስፋ እምቢ ማለቱ ነው። ይህ አባባል ለእኛም ተማሪዎች የሚጠቅም ይመስለኛል። በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ «ደራሲው የሕዝብ ወገን ነው» የሚለው ፍርድ የኂሱ መደምደሚያ ሆኖ ይመጣል። የገጠሩ ሰው የዋህና ንጹሕ፣ ከተማው ብልሹ የሆነበት ልቦለድ ሲያጋጥማቸው ብዙዎች ምርመራውን እዚያው ያቆማሉ። ምርመራው መጀመር ያለበት ግን ከዚያ ነው።

በ2004 ሆላንዳዊው የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ ካስ ሙደ ዛሬ በብዛት የሚጠቀሰውን ብያኔ ሰጠ። ፖፑሊዝም ኅብረተሰቡን በሁለት ይከፍላል፤ ንጹሕ ሕዝብ በአንድ ወገን፣ ብልሹ ልሂቅ በሌላ ወገን፤ ፖለቲካም የሕዝቡ አጠቃላይ ፈቃድ መግለጫ መሆን አለበት ይላል። የዚህ ብያኔ እምብርት «ንጹሕ» የሚለው ቃል ነው። የሮማው ሃያሲ ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት በልቦለድ ገጾች ላይ ጣቱን ያሳረፈው በዚሁ ቃል ላይ ነበር። በፖለቲካ ሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም።

ለንደንና አቴና

በግንቦት 1967 የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ስለ ፖፑሊዝም ጉባኤ ጠራ። ከጉባኤው የወጣው፣ ጊታ ዮኔስኩና ኧርነስት ጌልነር ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1969 ታተመ። ስለ ላቲን አሜሪካ፣ ስለ ሰሜን አሜሪካ፣ ስለ ሩሲያ፣ ስለ ምሥራቅ አውሮፓና ስለ አፍሪካ ለየብቻቸው ምዕራፍ አለው። ስለ ደቡብ አውሮፓ ግን ምዕራፍ የለውም። ስፔንና ፖርቱጋል በአምባገነን ሥር ነበሩ። በግሪክም ከጉባኤው አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1967፣ ኮሎኔሎች ሥልጣን ይዘው ነበር። በዚያ ሌሊት ከታሰሩት አንዱ ቀድሞ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር የነበረው አንድሬያስ ፓፓንድሬዩ ነው። የደቡብ አውሮፓ ፖፑሊዝም ጥናት ቀጣዩ ምዕራፍ የሚጻፈው በዚህ ሰው ምክንያት መሆኑን ያን ጊዜ ማንም አላወቀም።

ኮሎኔሎቹ በ1974 ወደቁ። ፓፓንድሬዩ መስከረም 3 ቀን 1974 ፓሶክ የተባለውን ፓርቲ መሠረተ። በዚያው ዓመት ምርጫ 13.6 ከመቶ፣ በ1977 25.3 ከመቶ፣ በጥቅምት 1981 48.1 ከመቶ ድምፅ አገኘ። በሰባት ዓመት ውስጥ ከሦስተኛ ደረጃ ወደ መንግሥትነት ማለት ነው። የምርጫው ቃል አንዲት ነበረች፤ «አላጊ»፣ ማለትም «ለውጥ»። ምን ዓይነት ለውጥ? ሁሉም የየራሱን ፈታበት። በ1949 ባበቃው የእርስ በርስ ጦርነት የተሸነፈው ወገን ልጆች ለረጅም ዘመን የመንግሥት ሥራ ለመግባት የፖለቲካ አስተሳሰባቸው ንጹሕ መሆኑን የሚመሰክር የፖሊስ ወረቀት ይጠየቁ ነበር። ለእነርሱ ለውጥ ማለት የዚያ ውርደት ማብቃት ነው። ለገበሬው የምርቱ ዋጋ ነው። ለብሔረተኛው ከአሜሪካኖች ጣልቃ ገብነት መላቀቅ ነው። ወግ አጥባቂው ካራማንሊስ ግሪክ የምዕራብ ናት ሲል፣ ፓፓንድሬዩ ግሪክ የግሪኮች ናት አለ። ሀገሪቱን በሁለት ከፈላት፤ «ባለ ልዩ መብቶች» እና «ልዩ መብት የሌላቸው»።

የቋንቋ ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነበር። ግሪክ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ በሁለት የቋንቋ ዓይነቶች ተከፍላ ኖራለች። ካታሬቩሳ የሚባለው፣ ወደ ጥንቱ ያዘነበለው፣ የመንግሥትና የሊቃውንት ነው፤ ዲሞቲኪ የሚባለው የአፍ ቋንቋ የሕዝቡ ነው። ኮሎኔሎቹ ካታሬቩሳን አጥብቀው በመያዛቸው ቋንቋው ከእነርሱ ጋር ስሙ ጠፋ። በ1976 የካራማንሊስ መንግሥት ዲሞቲኪን የትምህርትና የመንግሥት ቋንቋ አደረገ። በ1982 ደግሞ የፓሶክ መንግሥት የጥንቱን የአነባበብ ምልክቶች ብዛት ትቶ በአንድ ምልክት ብቻ እንዲጻፍ ወሰነ። ስለ ፊደል መሻሻል የተደረገውን የእኛን ክርክር የሚያውቅ አንባቢ፣ ምልክት መቀነስ ለአንዱ ወገን ነጻነት፣ ለሌላው ቅርስ ማጥፋት ሆኖ መታየቱን ያለ ማብራሪያ ይገነዘበዋል።

የግሪክ ተመራማሪዎች ይህን ሲያጠኑ በመጀመሪያ ያዩት መዋቅሩን ነው። ክሪስቶስ ሊሪንድዚስ በ1984 ባወጣው ጥናት፣ ቀድሞ አንድ የአካባቢ ትልቅ ሰው ለደጋፊው ያደርግለት የነበረውን ውለታ አሁን ፓርቲው በቢሮክራሲው በኩል እንደሚያደርገው አሳየ። በ1987 ደግሞ በቀጥታ ስለ ፖፑሊዝም ጉልበት ጻፈ። በለንደን ያስተምር የነበረው ኒኮስ ሙዜሊስም በዚሁ ጊዜ ግሪክን ከላቲን አሜሪካ አገሮች ጋር አነጻጸረ። እነዚህ ጥናቶች ዛሬም የሚነበቡ ናቸው። ነገር ግን «ለውጥ» የምትል አንዲት ቃል እንዴት የገበሬውንም፣ የተሸነፈውንም፣ የብሔረተኛውንም ቅሬታ ልትይዝ እንደቻለች በመዋቅር ብቻ አይገለጽም።

ይህን ለመግለጽ የሞከረው አርጀንቲናዊው ኤርኔስቶ ላክላው ነው። በ1935 በቦነስ አይረስ ተወልዶ፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በእንግሊዝ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው። በ1977 ስለ ፖፑሊዝም ጻፈ፤ በ1985 ከቤልጅጋዊቷ ሻንታል ሙፍ ጋር፣ ከግራምሺ የተወሰደውን የሄጌሞኒ ሐሳብ ያደሰ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ2005 «ስለ ፖፑሊስት አመክንዮ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። ሐሳቡን ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ማስረዳት ለሌላው ከማስረዳት ይቀላል። አንዱ ውኃ ይጠይቃል፣ ሌላው ቤት፣ ሦስተኛው ፍትሕ። ጥያቄዎቹ አይመሳሰሉም። መንግሥት ሁሉንም እምቢ ሲል ግን እምቢ በመባላቸው ይመሳሰላሉ። ከዚያ አንዷ ጥያቄ ወይም አንዲት ቃል ለሁሉም ትቆማለች። ለሁሉም በቆመች መጠን የራሷ የተለየ ትርጉም እየሳሳ ይሄዳል፤ ላክላው «ባዶ» የሚላት ይህችን ቃል ነው። ከፊሉ የጠቅላላውን ስም ይይዛል፤ ተራው ሰው «ሕዝቡ እኔ ነኝ» ይላል። ይህ በክፍል ውስጥ በዘይቤ ትምህርት ስር የምናስተምረው፣ ከፊሉን ስለ ሙሉው የመጥራት ዘዴ ነው። ላክላው ዘይቤ የንግግር ጌጥ አይደለም፣ ኅብረተሰብ የሚሠራበት መሣሪያ ነው እስከማለት ደርሷል። በ2014 የወጣው የመጨረሻ መጽሐፉ ርእስም ስለ ኅብረተሰብ የንግግር ጥበብ መሠረቶች የሚናገር ነው።

ጽንሰ ሐሳቡ አንድ ድክመት አለበት። ሁሉም ፖለቲካ ዘይቤ ከሆነ የትኛው ፖፑሊዝም፣ የትኛው አይደለም ለማለት ያስቸግራል። ደግሞም ባዶ የተባለችው ቃል ፈጽሞ ባዶ አይደለችም። «አላጊ» በግሪክ የሠራችው የፖሊስ ወረቀቱ ትዝታ ስላለ ነው። ቃላት ታሪክ አላቸው፤ ይህን ለማየት የንግግር ጥበብ ብቻ ሳይሆን የቃል ታሪክም ያስፈልጋል።

ከተውኔት ደራሲ እስከ ኮሜዲያን

ጣሊያን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ትሰጣለች። ታኅሣሥ 27 ቀን 1944 በሮማ «ተራው ሰው» የተባለ ጋዜጣ ወጣ። መሥራቹ ጉሊየልሞ ጃኒኒ የተውኔትና የፊልም ሰው ነበር። የጋዜጣው አርማ በመጭመቂያ ውስጥ የሚጨመቅ ሰውዬ ነው፤ ሳንቲሙ ከኪሱ ይንጠባጠባል። ክርክሩ ቀላል ነው፤ ፋሺስቱም ፀረ ፋሺስቱም የፖለቲካ ባለሙያ ነው፣ ተራው ሰው የሚፈልገው እንዲተዉት ብቻ ነው። በ1946 ለሕገ መንግሥት ጉባኤ በተደረገው ምርጫ ጃኒኒ 5.3 ከመቶ ድምፅና 30 መቀመጫ አገኘ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ፓርቲው ጠፋ። ቃሉ ግን አልጠፋም። «ኳሉንኲዝሞ» በጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቶ፣ ለጋራ ጉዳይ ግድ የማይለው ሰው አመለካከት የሚነቀፍበት ቃል ሆነ። ፍሎሬንስ ያስተማረው ማርኮ ታርኪ በ2003 ስለ ጣሊያን ፖፑሊዝም ባሳተመው መጽሐፍ ታሪኩን የጀመረው ከጃኒኒ ነው፤ ትክክል አድርጓል።

በጥር 1994 ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ ወደ ፖለቲካ መግባቱን በተቀረጸ የቴሌቪዥን መልእክት ሲያስታውቅ «ወደ ሜዳ ለመውረድ» ወስኛለሁ አለ። የፓርቲው ስም የስታዲየም ጩኸት ነው፤ «በርቺ ጣሊያን» እንደማለት። የምክር ቤት አባላቱም እንደ ብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች «ሰማያዊዎቹ» ተባሉ። የሙያ ፖለቲከኞች ቋንቋ በሙስና ምርመራ በረከሰበት ወቅት የእግር ኳስ ቋንቋ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ ኮሜዲያኑ ቤፔ ግሪሎ መጣ። በ2009 የመሠረተው የአምስት ኮከብ ንቅናቄ በ2013 ሩብ ያህሉን፣ በ2018 ደግሞ 32.7 ከመቶውን ድምፅ ወሰደ። ሰኔ 5 ቀን 2018 አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የሕግ መምህሩ ጁዜፔ ኮንቴ፣ በሴኔቱ ፊት ቀርቦ ፖፑሊዝም ማለት የሕዝቡን ፍላጎት ማዳመጥ ከሆነ ስያሜውን እንቀበላለን አለ። ከጃኒኒ እስከ ኮንቴ ሰባ አራት ዓመት ነው። በዚያ ዘመን ውስጥ ነቀፋ የነበረው ቃል ማዕረግ ሆነ። ይህን ለውጥ የመራጭ ስታቲስቲክስ አያሳየውም።

አጥኚው ተዋናይ ሲሆን

ስፔን ያቀረበችው ጉዳይ ከሁሉም የተለየ ነው። በቅድሚያ ግን አንድ የታሪክ ጸሐፊ መጠቀስ አለበት። ሆሴ አልቫሬስ ሁንኮ በ1990 ስለ አሌሃንድሮ ሌሩ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ሌሩ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በባርሴሎና የሠራተኛውን ሕዝብ በጋዜጣና በአደባባይ ንግግር ያነሣሣ፣ ፓራሌሎ በሚባለው የቲያትር ቤቶች ጎዳና ስም «የፓራሌሎ ንጉሠ ነገሥት» የተባለ፣ ኋላም በ1930ዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ ፖለቲከኛ ነው። የታሪክ ጸሐፊው የሌሩን ንግግር እንደ ሥነ ጽሑፍ አንብቦታል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የተበደለ ንጹሕ፣ ክፉ በዳይ፣ የሚታደግ ጀግና፤ የተራ ድራማ ባለታሪኮች በሙሉ አሉበት።

ከዚያ በማድሪድ ኮምፕሉተንሴ ዩኒቨርሲቲ አንድ አዲስ ነገር ታየ። በ2011 ኢኝጎ ኤሬሆን ስለ ቦሊቪያ ገዥ ፓርቲ ንግግር፣ የሄጌሞኒን ጽንሰ ሐሳብ መሠረት አድርጎ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። በዚያው ፋኩልቲ ፓብሎ ኢግሌሲያስም ያስተምር ነበር። በጥር 2014 እነዚህ ሰዎች ከሌሎች ጋር ሆነው «ፖዴሞስ» ማለትም «እንችላለን» የሚል ፓርቲ አስታወቁ። ላክላው ሚያዝያ 13 ቀን 2014 በስፔን በሴቪያ ከተማ ሞተ። ግንቦት 25 ቀን ፓርቲው በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ 8 ከመቶ ያህል ድምፅና አምስት መቀመጫ አገኘ። በምርጫ ወረቀቱ ላይ በአርማ ፈንታ የኢግሌሲያስ ፊት ነበር።

የቃል ምርጫቸው ከንባብ የመጣ ነው። «ግራ» እና «ቀኝ» የሚሉትን ቃላት ሸሹ። «ፑዌብሎ» ከማለት ይልቅ «ላ ሄንቴ»፣ ማለትም «ሰዉ» ማለትን አዘወተሩ። ባላጋራቸውን «ላ ካስታ» አሉት። ይህ ቃል በጣሊያን በ2007 ሁለት ጋዜጠኞች ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስነት ተስፋፍቶ የነበረ ነው፤ ከአንዱ የደቡብ አውሮፓ አገር ወደ ሌላው የተሻገረ ቃል ነው ማለት ይቻላል። በታኅሣሥ 2015 ከተባባሪዎቻቸው ጋር 20.7 ከመቶ ድምፅና 69 መቀመጫ ወሰዱ። በ2020 ከሶሻሊስቶቹ ጋር ጥምር መንግሥት ገቡ። ካስታ ያሉት ሰፈር ውስጥ በገቡ ጊዜ ቃሉ ከአፋቸው ጠፋ። ኤሬሆን በ2019 ተለይቶ ወጥቶ ነበር፤ ኢግሌሲያስም በግንቦት 2021 ከፖለቲካ ተሰናበተ።

እዚህ ላይ ለአጥኚዎች አስቸጋሪ ጥያቄ ይነሣል። አንድ የሥነ ጽሑፍ ሃያሲ ልቦለድ መጻፍ ቢጀምር የኂሱ ዋጋ አይቀንስም። ነገር ግን የንግግር ተንታኙ ተናጋሪ ሲሆን፣ ትንታኔው መግለጫ ነው ወይስ መመሪያ? እንደ እኔ እምነት ላክላው ራሱ ይህን በር ክፍት ትቶታል። «ሕዝብ» አስቀድሞ ያለ ሳይሆን በቃል የሚሠራ ነው ካልን፣ የሚሠራው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ይመለሳል።

ቆጠራና ንባብ

በግሪክ ሲሪዛ የተባለው የግራ ስብስብ በ2009 4.6 ከመቶ ድምፅ የነበረው ሲሆን፣ በሰኔ 2012 26.9፣ በጥር 2015 36.3 ከመቶ አገኘ። በላክላው ሥር በኤሴክስ የተማረው ያኒስ ስታቭራካኪስ ከዮርጎስ ካትሳምቤኪስ ጋር በ2014 ባሳተመው ጥናት፣ የመሪውን የጺፕራስን ንግግሮች ከቀውሱ በፊትና በኋላ አነጻጽሮ «ሕዝብ» የሚለው ቃል የንግግሩ ማዕከል እየሆነ መምጣቱን አሳይቷል። ቆጠራው ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ቆጠራ ንባብ አይደለም። «ሕዝቡ ይወቅ» የሚልና «ሕዝቡ ወሰነ» የሚል ተናጋሪ ቃሉን እኩል ቢያነሡት፣ አንዱ ሕዝቡን ሰሚ፣ ሌላው አድራጊ አድርጎታል። ምጸትንማ ቆጣሪ አይደርስበትም።

የስታቭራካኪስ ዋና አስተዋጽኦ ግን ሌላ ነው። ፖፑሊዝም ብቻ ሳይሆን ፀረ ፖፑሊዝምም ንግግር ነው፣ ይጠና አለ። በዕዳው ቀውስ ዓመታት በግሪክ «ላይኪስሞስ» የሚለው ስድብ የፓሶክን ዘመን፣ ሲሪዛን፣ ደሞዝ ተቆረጠብኝ ያለውን ሠራተኛና የቀኝ ጽንፈኛውን በአንድ ገመድ ለማሰር አገልግሏል። ስድቡም እንደ ውዳሴው ባዶ ቃል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሐምሌ 5 ቀን 2015 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 61.3 ከመቶው መራጭ የአበዳሪዎቹን ሐሳብ አይሆንም አለ፤ በሳምንቱ መንግሥቱ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማማ። በዚያ ሳምንት የመራጩን ፈቃድ እናከብራለን ያሉትም፣ መራጩ ተታልሏል ያሉትም፣ ስለ ሕዝብ ይናገሩ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ሕዝቡ ምን ለማለት እንደፈለገ ከሕዝቡ ይልቅ እናውቃለን ባይ ነበር።

ፖርቱጋል ለረጅም ጊዜ ከዚህ ታሪክ ውጭ ናት ይባል ነበር። የሳላዛር አምባገነንነት ትዝታ ሕዝቡን ከቀኝ ፖፑሊዝም ክትባት ሰጥቶታል የሚሉ ጽሑፎች ነበሩ፤ ስለ ስፔንም የፍራንኮን ስም እያነሡ ተመሳሳይ ነገር ይባል ነበር። በስፔን ቮክስ በ2019 ምክር ቤት ገባ። በፖርቱጋል በዚያው ዓመት የተመሠረተው ሼጋ፣ ማለትም «በቃ»፣ በ2019 አንድ፣ በ2022 12፣ በ2024 50፣ በግንቦት 2025 60 መቀመጫ አገኘ። የክትባቱ ተለዋጭ ዘይቤ ብዙ ምሁራንን አሳስቷል፤ ትዝታ እንደ ክትባት አንዴ ተወግቶ የሚተው ነገር አይደለም።

አሶር ሮዛ በ2015 የሃምሳ ዓመት መጽሐፉን በድጋሚ አሳተመ። «ጸሐፍትና ብዙኃን» የሚል አዲስ ክፍልም ጨመረበት። ያኔ የተቸው «ሕዝብ» አሁን ከጣሊያን ልቦለድ ጠፍቷል፤ በቦታው ቅርጽ የለሹ ብዙኃን ተተክቷል፤ ደራሲው የሚያመሰግነውም የሚክደውም ሕዝብ የለውም ይላል። በዚያው በ2015 በስፔን ኤሬሆንና ሻንታል ሙፍ በውይይት መልክ የተዘጋጀ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ርእሱም «ሕዝብን መገንባት» የሚል ነው።